ከጎረቤት የተገኘ ክኒን

ሐኪሙ የመጨረሻ ልጄን ያህላል። ባለቤቴን ደሴን አስቀምጦ ሳይቸኩል አስረዳው። ፕሮስቴት የሚሉት የወንድ እጢ አብጧል፤ ክፉ ነገር እንዳይሆን በመርፌ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ይመረመራል። መርፌው የሚገባው በመቀመጫ በኩል ነው።

"ቦታው ንጹሕ ስላልሆነ ጀርሙ ወደ ደም እንዳይገባ አስቀድመው የሚውጡት መድኃኒት አለ" አለና ጠየቀው። "አባቴ፣ በእነዚህ ወራት ክኒን ወስደዋል? ለሽንት፣ ለጉሮሮ፣ ለምንም ይሁን። ጀርሙ ከለመደው መድኃኒቱ አይመልሰውም።"

"ኧረ ልጄ፣ ምንም አልቀመስኩ!" አለ ደሴ።

አጠገቡ ተቀምጬ ደሜ ፈላ። ክረምቱን ሙሉ ሽንት ሲያቃጥለው፣ ከጎረቤታችን ከአያ ጫኔ የተረፈ እንክብል አንድ ሁለት እያለ ሲውጥ አላየሁም? ለደሴ መድኃኒት ማለት ጤና ጣቢያ የሰጠው ነው። ከጎረቤት የመጣው ስጦታ ነው፣ እንደ ባቄላ እሸት። ግን እሱን ብቻ ምን አደርገዋለሁ፤ እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው።

ገና ወደ እስቴ ሳልዳር፣ ስማዳ አባቴ ቤት ሳለሁ ነው። ታኅሣሥ ነበር፤ ገብስ የሚወቃበት፣ እብቁ እየበነነ ጠላው ውስጥ ሳይቀር የሚገባበት ወር። አውድማው ላይ በሬ አባቴን ጭናቸውን ወጋቸው። የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ አንሥተው፣ ቁልቁለቱን ወርደው ዳገቱን ወጥተው ወገዳ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። እኔ የበሶውን ስልቻ ተሸክሜ ከኋላ። ድሬሰሩ ቁስሉን አጥቦ ጠቀለለና እንክብሉን በወረቀት አድርጎ ለእኔ ሰጠኝ። "ቢሻላቸውም እስኪያልቅ ይዋጡ" አለኝ።

በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ቤት ስንገባ ጠያቂው ጎረፈ፤ ዳቦውን፣ ጠላውን ይዞ። ባዶ እጁን ያልመጣን ሰው ባዶ እጁን መሸኘት በእኛ አገር ነውር ነው። እትዬ ብርቄ ጉንጯን ይዛ "ጥርሴ ገደለኝ፣ አንዲት ብቻ የኔ እናት" አለችኝ። አክስቴ ለልጇ ተቅማጥ ወሰደች፤ ሌላው ለጆሮው። እንቢ ልል አፌን ስከፍት አባቴ ከመደቡ ላይ ሆነው "ስጪ እንጂ! መድኃኒትም ይሰሰታል? እኔ እንደሆንኩ ድኛለሁ" አሉ። በአራተኛው ቀን ቋጠሮዬ ባዶ ሆነ። ደግ ልጅ ተባልኩ፤ ደስ ብሎኝም ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ አባቴ በጠራራ ፀሐይ፣ ጋቢ ተደራርቦላቸው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ቁስሉ አመርቅዞ ጠረኑ ከበር ይቀበላል። እንደገና ቃሬዛ፣ እንደገና ወገዳ።

"እንክብሉን የት አደረስሽው?" አለኝ ድሬሰሩ።

"ለሰው ሰጠሁት።"

"አንቺ ልጅ፣ የሠርግ ቆሎ መሰለሽ?"

ነፍሳቸው ተረፈች። እግራቸው ግን እንደታጠፈ ቀረ፤ ሞፈር ዳግመኛ አልጨበጡም። ከዚያ ወዲያ መሬታችንን ሌላ ሰው ለእኩል አረሰው። አባቴ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ሐኪሙ ፊት በአንድ ትንፋሽ መጣብኝና "ወስዷል ልጄ! ክረምቱን ሁሉ ወስዷል!" አልኩ።

ደሴ ዞር ብሎ "ሰው ፊት ታዋርጂኝ?" አለኝ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። መርፌውን ለሌላ ጊዜ አዛወረው፤ ከመቀመጫው በጥጥ ናሙና ወስዶ ጀርሙን የሚገድለው የትኛው መድኃኒት እንደሆነ አስመረመረ፤ የሚዋጠውንም ቀየረለት። በዚህ ምክንያት ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ እስከ ሆስፒታሉ በአውቶቡስ እየተንገጫገጭን ደጋግመን ተመላለስን፤ ደሴ መንገዱን ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

መርፌውን ከተወጋ ይኸው ሳምንት አለፈው። የሥጋው ውጤት ገና ነው። ትኩሳት ግን የለ፣ ብርድ ብርድ ማለት የለ። ጠያቂ ሲመጣ ደሴ ምን ይላል መሰላችሁ? "ይኸው፣ ምን ሆንኩ? በመጀመሪያውም ቀን ቢወጉኝ ምንም አልሆንም ነበር። ይቺ ናት ያንገላታችኝ!" ሰዉ ይስቃል። አያ ጫኔም አብሮ ይስቃል።

የአባቴን እግር አገር ሁሉ ያየው ነበር፤ ሳይመጣ የቀረውን ትኩሳት ከየት አምጥቼ ላሳያቸው? ግንባሩን እዳስሳለሁ። እሱም "ተይኝ እንጂ፣ ምን ትነካኪኛለሽ!" ይለኛል። ግንባሩ ቀዝቃዛ ነው።