የደጃፏ ክላፕሮስ

ከደሴ በወጣሁበት ማታ የመክሊትን እጅ ጭምቅ አድርጌ ይዤ ስለነበር በማግስቱም የጣቴ ምልክት አልለቀቃትም። አምስት ዓመቷ ነበር። የመንገዱን ነገር ያየ ያውቀዋል፤ የኔ ፍርሃት ግን አንድ ብቻ ነበር፣ ልጄን ሰው እንዳይወስድብኝ። ዘንድሮ፣ በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ተወሰደችብኝ፣ ያውም እዚሁ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር፣ በግድግዳ ጎረቤቴ። ሜቭራው ኮሪ ይባላሉ፣ ወይዘሮ ኮሪ እንደማለት ነው፤ ሰባ አልፏቸዋል። መክሊት እንደ እኩያዋ "ኮሪ" ነው የምትላቸው።

እሁድ እሁድ ሁለቱ ካሜራ ይዘው ክላፕሮስ የሚባለውን አበባ ፎቶ ሊያነሱ ይዞራሉ። እንደ ሶፍት የሳሳ ነገር ነው። በትራም ሐዲዱ ዳር ማንም ሳይዘራው የሚበቅል ቀይ አለ፤ የሰው ጓሮ ውስጥ ደግሞ ብርቱካናማው፣ እንደ ጥቅል ጎመን የተደራረበው ሮዝ። ስንቱን ዓይነት ሰበሰቡት። እኔ ከቅዳሴ ስመለስ የሚቀበለኝ ባዶ ቤት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደጄን ስጠርግ የሳቸውንም ጠረግኩ፤ በኛ አገር የአሮጊት ጎረቤት ደጅ ይዘለላል? በንጣፉ ስንጥቅ የበቀለውን ሁሉ ነቅዬ ጣልኩ።

ወጡና መሬቱን አዩ።

"የት ሄደች?"

"ሣር ነበር፣ ሜቭራው። አጸዳሁልዎት።"

"ማን ጠየቀሽ?"

እዚህ አገር አረምም ባለቤት አለው። መክሊት ደረሰች።

"እማዬ፣ ነጯን ክላፕሮስ እኮ ነው የነቀልሽው። እስክትፈነዳ ሁለት ሳምንት ጠብቀናታል።"

"የሰው ደጅ ሣር ሲውጠው ቆሜ ልይ?"

"ሆን ብለሽ ነው።"

በእመቤቴ ማልኩላት። አለማወቄ እውነት ነው። ካወቅኩ በኋላ ግን ውስጤን ደስ አለው፤ ይሄን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩ።

አመሻሹ ላይ ሜቭራው ለሦስት ሰው ሦስት ብስኩት ይዘው መጡ።

"ተዪው፣ አለፈ። ነገ ከቤተክርስቲያን ስትመለሺ አብረሽን ነይ" አሉኝ።

መክሊት ቀደመችኝ። "እግሯን ያማታል" አለቻቸው፣ ሳታየኝ።

ደህናውን እግሬን እያሻሸሁ "አዎ፣ ያመኛል" አልኩ።

በማግስቱ እየተሳሳቁ ሲሄዱ በመስኮት ሸኘኋቸውና እናቴ ጋ ደወልኩ።

"ልጅቱስ?"

"ፎቶ ልታነሳ ወጥታለች።"

"ጎሽ። እስቲ አንቺና እሷ አብራችሁ የተነሳችሁትን ላኪልኝ፣ ቁመቷን ልይ።"

ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ወደ ኋላ አገላበጥኩ። አብረን ያለንበት የመጨረሻው ፎቶ ላይ የወለቀው የፊት ጥርሷ ገና አልበቀለም።

"እልክልሻለሁ" አልኳት።