የብድር ቀን

ቡታጅራ ላይ የቧንቧ ውሃ በየሰሞኑ ይጠፋል። እኔ ግን ብዙም አልጨነቅም። ከጎረቤቴ ከሐጂ ጋር ጉልበት ሳለን የቆፈርነው ጉድጓድ አለን። ሐጂ በዕድሜ ትንሽ ይበልጡኛል፤ እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ጉድጓዱ ያለው በግቢያችን ድንበር ላይ ስለሆነ የሁለታችንም ነው። በቃል ተስማማን እንጂ የጻፈው የለም። እኔም ልጻፍ ብል ከስሜ አላልፍ።

ዘንድሮ የእኛ ሁዳዴና የእነሱ ረመዳን ተገጣጠሙ። ሁለታችንም ጾመኛ፣ ሁለታችንም ነገር ቶሎ የሚከብደን ሆንን። በዚያ ላይ ከማዘጋጃ ቤት የመጡ ሰዎች ሜትር እየጎተቱ የሰፈሩን ይዞታ ለክተው ሄደዋል። መሬት ከተለካ በኋላ ሰው ጎረቤቱን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። የእኔም ተለውጦ ነበር።

አንድ ቀን ማፍጠሪያው ሳይደርስ፣ እንሰቱ ሥር ደረቅ ቅጠል ስለቅም የሐጂ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ተሰማኝ። የልጅ ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ መጥተው ስለነበር ወሬው በአማርኛ ነው።

«ውሃውን ቀድሞ የያዘ አሸነፈ» ይላሉ። «ሌሎቹን ጉድጓዶች ደፈኗቸው። እነዚያ ተጠሙ።»

አንዱ ልጅ መቼ እንደሆነ ጠየቀ።

«ነገ ነዋ፤ ነገ የብድር ቀን ነው» አሉ።

ቅጠሉ ከእጄ ወደቀ። ብድር የዋዛ ቃል አይደለም። ውለታም ብድር ነው፣ ቂምም ብድር ነው፤ ሁለቱም ይመለሳሉ። የምን ይሆን? ምን በድያቸው? ባስብ ባስብ ምንም አጣሁ። ውሻዬ እንግዶቻቸው ላይ ይጮኻል፤ ግን እኔም ላይ ይጮኻል።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «ጾሙ ራስህ ላይ ወጣ» አለችኝ።

«ሌላውን ይደፍናሉ፣ አንዱን ይይዛሉ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«እኛ ስንት ጉድጓድ አለንና?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቢሆንም ቤት ያለውን ጀሪካን ሁሉ ሞላሁ፤ የጉድጓዱን ገመድና ባልዲ ፈትቼ አልጋ ሥር ከተትኩ። ነገ ሳይነጋ መጥተው ቢዘጉት ምን ልል ነው?

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አንድ ባጃጅ አጥሩ ጥግ ቆመ። የሐጂ ትልቁ ልጅ ሲሚንቶ አወረደ። ቀጥሎ አዲስ የብረት ክዳን አወረደ። ክዳኑ ላይ የቁልፍ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ ሊቆልፉብኝ ነው። በርጩማዬን ይዤ ወጣሁና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ መጡ።

«ጎረቤቴ፣ ዛሬ ዘበኛ ሆንክ?»

«አየሩ ደህና ነው ብዬ ነው።»

«እዚህ ፀሐይ ላይ?»

በርጩማዬን አመቻቸሁ። ኋላ ግን አላስቻለኝም። «ሐጂ፣ የምን ብድር ነው የሚመልሱብኝ?»

ግራ ተጋቡ። የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ልጃቸው ሲሚንቶ ማቡካቱን ተወ። ሐጂ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«በድር ነው ያልኩት። በድር። ዐረብ አገር ያለ ቦታ ነው። ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ቃሉ እንዲህ እየሆነ ይወጣል።»

ከጎኔ ተቀምጠው አወሩልኝ። በድር ነቢያቸው ረሱል በጥቂት ሰው ብዙውን ያሸነፉበት የመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት ነው። «ያን ቀን ቢሸነፉ ኖሮ እኔም ዛሬ ሐጂ አልባልም ነበር» አሉ። ቀኑን በረመዳን ያስቡታል።

«ጉድጓዱስ?» አልኳቸው፤ ገና አላመንኩም።

«እሱ የጦርነት ነገር ነው፤ ጠላት እንዳይጠጣ ደፈኑት። እኔ ለልጆቹ ሳወራ የኛው ትዝ አለኝ። ባለፈው በግ ሊገባበት ነበር። የበድር ቀን ሰደቃ ይሁነኝ፣ አፉን ላብጀው አልኩ።»

ውሸት መጨረሻው ላይ ይያዛል ስለሚባል የጦርነቱን መጨረሻ ጠየቅኳቸው። «የተማረኩትስ ምን ሆኑ?» አልኩ።

«ለመለቀቂያው የሚከፍለው የሌለው፣ ፊደል ካወቀ ልጆች አስተምሮ ይለቀቅ ነበር ይባላል።»

«እኔ ብሆን እስካሁን አልለቀቅም።»

«ውሃ አመላልስልህ ነበር» አሉኝ።

ከኪሳቸው አዲስ ጓጉንቸር አወጡ። ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። አሳፋሪ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እጄ ግን አላረፈም፤ እዚያው ፊታቸው ሞከርኩት። ተከፈተ። ቆልፌ ደገምኩት፤ አሁንም ተከፈተ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ጠበቁኝ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ገመዱን አምጣ። ትናንት ያፈጠርነው ከሱቅ በተገዛ ውሃ ነው። ቀድመህ የያዝከውስ አንተ ነህ።»

ተነሥቼ ወደ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ባልዲውን ከአልጋው ሥር አውጥታ፣ ገመዱን ጠቅልላ በር ላይ ቆማ ነበር።