የጳጉሜ ሒሳብ በካንሳንጋ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ አሞገሰኝ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አንድ መተግበሪያ ጭናልኝ ነበር፤ በየወሩ መጨረሻ ምን ያህል ቆጠብክ፣ ከደሞዝህ ሌላ ምን አገኘህ፣ ራስህን ለማሻሻል ካቀድከው ስንቱን ፈጸምክ እያለ የሚጠይቅ ዓይነት ነው። እኔም ምሳ ሰዓት ላይ ካምፓላ፣ ኮሎሎ ሰፈር ካለው ቢሯችን በረንዳ ተቀምጬ፣ እዚህ አገር እንደ እንጀራ የሚበላውን የተቀቀለ ሙዝ፣ ማቶኬን፣ እየጎረስኩ፣ እንደ ልማዴ ቁጥሩን ትንሽ ወደ ላይ ሳብ አደረግሁለት። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ወረቀት በተነና “ግሩም ወር ነበር” አለኝ። አልተጠራጠረም። መልሶም አልጠየቀም። እንዲህ በቀላሉ የሚያምነኝ ነገር ካጋጠመኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ስልኩን ዘግቼ ያንን ዘመን ማሰብ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ አርባ ሁለት ዓመቴ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፣ በእኔ ቤት ወጣትነት የሚያልቀው ሰው ውሸቱን ይዞ መሮጥ ሲያቅተው ነው። ጊዜው ኮሮና ገብቶ ዓለምን ቤቷ ያስቀመጠበት ነበር። የእርዳታ ድርጅታችን ቢሮውን ዘግቶ ደሞዛችንን ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹን ሰጠን፣ በሌላው ግማሽ ፈንታ በየሳምንቱ የማበረታቻ ኢሜይል ይልክልን ነበር። እኔ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፣ የሚቆጠር ንብረት ስላልነበረ ካንሳንጋ ካለችው የኪራይ ቤቴ ውስጥ ሁለት ማንኪያና አንድ ድስት ስቆጥር እውል ነበር። ቦዳዎቹ፣ ማለትም እነዚያ እንደ ንብ የሚርመሰመሱት የኪራይ ሞተር ሳይክሎች፣ ሰው እንዳይጭኑ በተከለከሉበት ሰሞን ከተማው ጸጥ ከማለቱ የተነሣ ሙዬንጋ ኮረብታ ላይ ያስነጠሰ ሰው እኛ ሰፈር ሆነን “ይማርህ” እንለው ነበር።

ያኔ ከብቸኝነት ያወጡኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል፣ ካንሳንጋ ዋናው መንገድ ዳር ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለቻቸው። ሽሯቸውን የበላ ሰው የተጣላውን ሁሉ ደውሎ ይታረቃል። ሁለተኛው ሙሉጌታ ነው፤ ንቲንዳ የሚኖር የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ ሠራተኛ፣ እኩያዬ፣ ነገር ግን ከተወለደ ጀምሮ ሽማግሌ የሆነ ሰው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፎቶ ከእሱ ይልቅ ፈገግ ይላል።

ሐሳቡን ያመጣው ሙሉጌታ ነው። አውሮፕላኖቹ ቆመው እሱም ደሞዙ ተቆርጦ ነበርና፣ ዝም ብለን ከምንተክዝ በየወሩ እየተገናኘን ሦስት ሦስት ነገር እንናገር አለን፤ ምን ያህል እንዳስቀመጥን፣ ከጎን ሥራ ምን እንዳገኘን፣ ራሳችንን በምን እንዳሻሻልን። ወሩም በእኛ አቆጣጠር እንዲሆን ወሰነ፤ ሠላሳ ቀን ለሁሉም እኩል ነው፣ ፈረንጁ ወሩን አንዴ ያስረዝማል፣ አንዴ ያሳጥራል ብሎ። እትዬ አስካለ የዱቤ መዝገባቸውን ገልብጠው ከጀርባው መጻፍ ጀመሩ። በየወሩ በቃል ብቻ ነበር የምናወራው። ጳጉሜ ስትገባ ግን፣ ደሞዝም ሪፖርትም የሌለባት ያች ትርፍ ወር፣ የተናገርነውን ገንዘብ አምጥተን ጠረጴዛው ላይ ልናሳይ ተስማማን። እኔ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁ ነኝ። ስንስማማ ወሩ ኅዳር ነበር፤ ኅዳር ላይ ቆሞ ጳጉሜን የሚፈራ ሰው አላውቅም።

ሙሉጌታ ሲጋራ ላቆም አለ። እትዬ አስካለ ለአከራያቸው የእንግሊዝኛ መልእክት ሰው ሳይለምኑ ራሳቸው ጽፈው መላክ ሊለምዱ አሰቡ። እኔ በየጠዋቱ ሙዬንጋ ኮረብታ እየወጣሁ ልሮጥ፣ ሉጋንዳም ልማር፣ ከጎንም ኦቾሎኒ ቆልቼ በሚጥሚጣ እያሸሁ በላስቲክ አሽጌ ልሸጥ አቀድኩ። ያን ጊዜ የጻፍኩትን ዕቅድ ያየ ሰው አንድ ሻለቃ ጦር ሊመራ የተዘጋጀ ሰው ይመስለዋል።

በመጀመሪያው ወር የሸጥኩት አሥር ፓኬት ኦቾሎኒ ነው፤ ከአሥሩም ሁለቱን የገዛኋቸው ራሴ ነኝ። ሙሉጌታ በዚያ የዳኛ ፊቱ “ስንት ሸጥክ?” ብሎ ሲያፈጥብኝ ግን አፌ ብቻውን “መቶ” አለ። ቀልዴን ነበር። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ፣ ማንም አልሳቀም። ሙሉጌታ እንዲያውም ራሱን ነቀነቀና “ጎበዝ” አለኝ። ከሙሉጌታ አፍ ጎበዝ የሚለው ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ግማሽ ደሞዝ እንደሚበላ ግማሽ ሰው ሆኜ ስሰነብት በአንድ ቃል ሙሉ ሆንኩ። እውነቱን ልናገርበት የሚገባኝ ደቂቃ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለፈ።

ከዚያ በኋላ መውረድ የለም። በየወሩ ሠላሳ ቁጥሬ አደገ። አሥር ሺህ ካስቀመጥኩ መቶ ሺህ እላለሁ። ሩጫውን ሃያ ኪሎ ሜትር አደረስኩት፣ ሉጋንዳውንማ በጥር ጨርሼ ለሌላ ሰው እያስተማርኩ ነው አልኩ። የግቢያችን ዘበኛ በየጠዋቱ “ኦሊ ኦትያ፣ ሴቦ” ብሎ እንደምን አደሩ ሲለኝ “እግዚአብሔር ይመስገን” ብዬ የማልፍ ሰውዬ። ሐምሌ ላይ የአፌ ቁጠባ አራት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ሽልንግ ደረሰ። እውነተኛው ሴንቴ፣ ሴንቴ ገንዘብ ነው በአገሩ ቋንቋ፣ አልጋዬ ሥር በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ ቆርቆሮውም አልሞላ።

እንግዲህ በዚያው ክረምት ከተማው ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጋና የእትዬ አስካለ ስድስት ጠረጴዛዎች ባዶ ዋሉ። ሲከፈት ውዝፍ ኪራይ ተከምሯል። አከራያቸው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ቤቱን የሚፈልግ የስልክ ነጋዴ መጥቶበት፣ ውዝፉንና ቅድመ ክፍያውን አንድ ላይ አምስት ሚሊዮን እስከ ጳጉሜ አምስት ካላገኘ ቤቱን ለነጋዴው እንደሚሰጥ ነገራቸው። ነሐሴ ሠላሳ ስንሰበሰብ እትዬ አስካለ ይህን የነገሩን ወጥ እያማሰሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ነው።

ሙሉጌታ ወዲያው ጠረጴዛውን መታ። ያጠራቀምነው ለምን ሊሆነን ነው፣ ጳጉሜ አራት ቀን ድሮውንም ልናሳይ ነበር፣ አሳይተን እናበድራቸው፣ ሲሠሩ ይመልሱልናል አለ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረ። “ደምሴ ብቻውን ከአራት ሚሊዮን በላይ አለው።” እትዬ አስካለ ከወጣቸው ዞር ብለው አዩኝ። እኔም በሕይወቴ የተናገርኳቸውን ሁለት እጅግ የከበዱ ቃላት ተናገርኩ።

“ችግር የለም።”

አራት ቀን ቀረኝ። የመጀመሪያውን ቀን ውሸት ስመርጥ ዋልኩ። ሌባ ገባ እንዳልል ቤቴ ውስጥ ሌባ የሚያጓጓ ነገር የለም። ወደ አዲስ አበባ ላክሁት እንዳልል ሙሉጌታ ደረሰኝ ይጠይቃል። በሁለተኛው ቀን ቴሌቪዥኔን ተሸክሜ ካባላጋላ ገበያ ወረድኩ፤ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰው የሰጠኝ ዋጋ ሪሞቱንም አይገዛ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ አልበቃኝ ብሎ ተነሥቼ መራመድ ጀመርኩ፣ እግሬ ወደ ዳገት መራኝና ሳላስበው ሙዬንጋ ጫፍ ደረስኩ። ዘጠኝ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ሮጬበታለሁ ያልኩትን ኮረብታ የወጣሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሳንባዬ ከእኔ በፊት ቤት ሊመለስ ፈለገ። ከዝናብ በኋላ የቀዩ አፈር ሽታ፣ ከታች ሐይቁ እንደ ቆርቆሮ ጣራ የሚያብለጨልጭ፣ ከዚህ ወዲህ የካንሳንጋ ጣራዎች። የእትዬ አስካለን ጣራ ፈለግሁት። ሰማያዊ ሸራ ስላለበት ይለያል። ከነገ ወዲያ ያ ሸራ የስልክ ነጋዴ ሸራ የሚሆነው በእኔ መቶ ፓኬት ኦቾሎኒ ምክንያት ነው ብዬ አሰብኩ። ሌላ ሰው ጋ ሄደው ሊበደሩ ይችሉ ነበር። እኔን አምነው ግን አራት ቀን ተቀምጠዋል። ስወርድ መንገድ ዳር ቆሜ ሮሌክስ ገዛሁ፤ እንቁላል በቻፓቲ ተጠቅልሎ ማለት ነው። ሊያዝን የተዘጋጀ ሰው መብላት አለበት።

ጳጉሜ አራት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። የካምፓላ ሰማይ ጳጉሜን ባያውቅም እትዬ አስካለ ያውቁለታል፤ ጸበል ነው ብለው በራፉ ላይ ሳፋ ደቅነው እየጠበቁን ነበር። እኔንም ሙሉጌታንም ፊታችንን ሳያስታጥቡ አላስገቡንም። የራሳቸውን ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ አስቀመጡ። ሙሉጌታ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ በፖስታ አወጣ። ተራው የእኔ ሆነ። ቆርቆሮዬን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ድምፁ ራሱ ሊመሰክርብኝ ደረሰ።

“እትዬ፣ አራት ሚሊዮኑ የለም” አልኩ።

“የለም ማለት?” አለ ሙሉጌታ።

“ኖሮም አያውቅም። ያለኝ ይኼ ነው።”

ሙሉጌታ ከመቀመጫው ተነሣ፣ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና ሲጋራ አወጣ፤ ስምንት ወር አላጨስኩም ሲል የነበረው ሙሉጌታ። ሁለታችንም ሲጋራውን አየነው። እሱም አየው።

“አንተም ቁጭ በል” አሉት እትዬ አስካለ። “ያንንም አውቃለሁ፤ ጃኬትህ ይሸታል።”

ከዚያ ቆርቆሮዬን ገልብጠው፣ ጣታቸውን እያራሱ ቀስ ብለው ቆጠሩ። እኔ ጣሪያውን፣ በሩን፣ ከዚያ እንደገና ጣሪያውን አየሁ። ሲጨርሱ ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

“አምስት ሺህ ይጎድላል።”

“ከምኑ?”

“ከአራት መቶ ሠላሳው።”

መዝገቡን አዞሩልኝ። በስሜ ሥር በየወሩ የተናገርኩት ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱ ጎን በእርሳስ፣ በደቃቃው፣ ሌላ ቁጥር አለ። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በአሥር ሲያካፍሉኝ ኖረዋል። መቶ ፓኬት ባልኩ በማግስቱ አጠገባቸው ያለውን ሱቅ ጠይቀው፣ የገዛሁት ላስቲክ አሥር ብቻ እንደሆነ ሰምተው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሒሳቡ አላስቸገራቸውም። ለአከራዩ የሚከፍሉትን ሲያሰሉም እኔን የቆጠሩኝ በአራት መቶ ሠላሳ ሺህ ነው፤ አምስት ሺዋ ብትጎድልም አምስት ሚሊዮኑን ለመሙላት ያችው ትበቃቸው ነበር።

ሙሉጌታ ይህን ሁሉ ሲሰማ ከእኔ በላይ ተናደደ፤ እያወቁ ለምን ዘጠኝ ወር ዝም አሉት ብሎ ጠየቃቸው።

“ባጋልጠው ማስቀመጡንም ይተወው ነበር” አሉ እትዬ አስካለ። “በአሥር ለማብዛት መጀመሪያ አንዷ ልትኖረው ይገባል። እኔ ያችን አንዷን ነው የምጠብቃት።”

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ሳልወስን ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ከትከሻዬ ላይ የወረደውን ሸክም መሬት ቢያስቀምጡት ካንሳንጋ ግማሽ ሜትር ትሰምጥ ነበር። እትዬ አስካለ ግን ለስሜቴ ጊዜ አልነበራቸውም፤ አምስት ሺህ የት እንደገባች ይፈልጋሉ። ሙዬንጋ ወጥቼ ስወርድ ሮሌክስና ለስላሳ ገዛሁባት አልኳቸው።

“ሙዬንጋ ወጣህ?”

“ወጣሁ። ትናንት። እውነቴን ነው።”

ጎንበስ ብለው ጫማዬን አዩት፤ ቀዩ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ደርቆበታል። እርሳሱን አስቀምጠው እስክሪብቶውን አነሱና “አንድ ጊዜ ወጣ” ብለው ጻፉ። ሳያካፍሉ።

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው፣ በአንድ ጣት፣ የእኔንም የሙሉጌታንም እርዳታ እምቢ ብለው፣ ለአከራዩ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ገንዘቡ አለ፣ ይምጡና ይውሰዱ፣ ደረሰኝ ይዘው ይምጡ የሚል ነው። እሷን ለመጻፍ የፈጀባቸው ጊዜ ሙሉ በግ ያበስላል። መልሱ “እሺ፣ ንያቦ” የሚል ነበር፤ እሺ እመቤቴ ማለት ነው። ሙሉጌታ ሲጋራውን ውጭ አውጥቶ ሳፋው ውስጥ ጨመረው፤ ጸበሉን አረከሰ ተብሎ ተሰደበ፣ ከዚያ ሦስታችንም በላን።

ይኸው ዛሬ ምግብ ቤቷ ዘጠኝ ጠረጴዛ አላት። የእኔ ቆርቆሮ ተመልሶልኛል፣ ሙሉጌታም በእውነት ሲጋራ ትቷል፤ የተወው ጃኬቱ እንዳይመረመር ፈርቶ ነው እላለሁ። እኔ ወር በገባ በሠላሳው አሁንም እሄዳለሁ። ሰው ሲያምነኝ እንደሚያስደስተኝ አልክድም፤ የማርፈው ግን ልኬን በሚያውቁት ሰው ፊት ስቀመጥ ነው፣ እዚያ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ መቀመጥ የለብኝም። ያለፈው ወር ለሙከራ እውነተኛውን ቁጥር ነገርኳቸው። በልማድ በአሥር አካፍለው የኡጋንዳ የመጨረሻ ድኃ አደረጉኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክሬ፣ ደረሰኝ አሳይቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሁለት ብቻ ሊያካፍሉኝ ተስማሙ። በዚሁ ከቀጠልኩ በሰባ ዓመቴ ሙሉ ሰው እሆናለሁ ብዬ አቅጃለሁ።