የጥሩዬ የሙሽራ ሹሩባ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ከእናቷ ጋር የተቀመጠች ልጅ ሻሿን ፈታችው። የሰነበተ ቅቤና የመግል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ታላቅ እህቴ ጥሩዬ በሠርጓ ሰሞን እንዲህ ትሸት ነበር። አናቷ ላይ ብጉንጅ ወጥቶ ፀጉሯ ይረግፍ ጀመር። እናቴ "ደርቆባት ነው፤ ቅቤ ነው የሚፈልግ" ብላ ቁስሉን በቅቤ አሸችው፤ የሙሽራ ሹሩባም ጥብቅ ተደርጎ ተሠራላትና በሻሽ ታሰረ። ጥሩዬ ሌት ተቀን አለቀሰች። እናቴ "ተዉአት፤ ሙሽራ አልቅሳ ነው የምትወጣ" አለችን።

ከሠርጉ በኋላ ሹሩባው ሲፈታ፣ ጉንጉኑ እንዳለ በሠሪዋ እጅ ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሥሩ ሞቷል" አለች። እኔ ልጅ ነበርሁና ክረምት ሲገባ እንደ ሣር የሚያቆጠቁጥ መስሎኝ ስጠብቅ ከረምሁ።

ልጅቷና እናቷ ከሐኪሙ ክፍል ወጡ። እናትየዋ ፊቷ በርቶ "ባክቴሪያ ነው አሉኝ እቴ! ሥሩ ሳይሞት ደርሰሻል፣ ቅቤውን ብቻ ተይው አሉኝ" አለችኝ።

"እግዜር ይማርልሽ" አልኋት።

ጥሩዬ ዛሬም ሰው ፊት ሻሿን አትፈታም። እናቴ ደግሞ ከዚያ ወዲህ፣ እስክትሞት ድረስ፣ የራሷን አናት ቅቤ አላስነካችም።