ሹራባቸውን በወገባቸው ያሰሩ ልጆች

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። መጋቢያችን «እማማ ጥሩወርቅ፣ መቼ ነው የሚመሰክሩልን?» ሲሉኝ «ሌላ ጊዜ» እያልሁ ብዙ ቆይቻለሁ። ሰው ፊት ቆሞ መናገር ልማዴ አይደለም። የቤቴን ነገር ለጎረቤት እንኳ የማወጣ ሰው አልነበርሁም። ዛሬ ግን ዝም ማለት ስላልቻልሁ ተነሣሁ። ድምፄ ደከም ያለ ነው፤ ከኋላ ያላችሁ ታገሡኝ። ስሙ ይባረክ!

የልጅ ልጄን ረድኤትን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። እናቷ፣ ልጄ፣ ረድኤት ገና ዳዴ ስትል አረፈችብኝ። ልጅቱ በእኔ እጅ አደገች። ፊደል መቁጠር በጀመረችበት ዓመት በሽታ ያዛት። የሚጥል በሽታ ነው። ዛሬ ስሙን በግልጽ እጠራዋለሁ፤ ያኔ በቤታችን «ያ ነገር» ነበር የምንለው።

ወገኖቼ፣ በእኛ ሰፈር ሰው እንዲህ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ክብሪት ተጭሮ ጭሱ በአፍንጫው ይያዝለታል። የቀረው ሰው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል ይባላል። ጎረቤቴ እትዬ አለምነሽ ደግ ሴት ናት፤ ረድኤት በወደቀች ቁጥር ክብሪቷን ይዛ የምትሮጠው እሷ ነበረች። ልጄ ስትነቃ የላይኛው ከንፈሯ ተለብልቦ፣ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ሲያያት ታገኘዋለች። ፊቷን ወደ እኔ ታዞራለች።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት «ሌሎቹ ልጆች ፈሩ፤ እስኪሻላት ቤት ትቆይ» አለን። ሁለተኛውም እንዲሁ አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልጠየቅሁም። እኔ በዘመኔ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሻለሁ፤ የማውቀውን ሒሳብና ንባብ ቤት አስተማርኋት። ልጅቱ ፈጣን ናት። የማባዛቱን ሠንጠረዥ ከእኔ ቀድማ ትጨርስና እኔን ትጠይቀኛለች። በእኔ ዕውቀት እስከ የት ትደርሳለች? ይህን እያሰብሁ ነበር የምተኛው። እኔ ስሞትስ ከማን ጋር ትኖራለች? ከእኔ በቀር የሚነካት ሰው አልነበረም።

የእግዚአብሔርን ስም ሳልሰማ የኖርሁ ሰው አይደለሁም። በጾምና በጸሎት ነው ያደግሁት፤ ያሳደገኝን ቤት አላማም። ግን ከረድኤት እናት ሞት በኋላ ከእግዚአብሔር ጋር የነበረኝ ነገር ሰላምታ ብቻ ሆኖ ነበር። ጠዋት እሰግዳለሁ፣ ማታ እሰግዳለሁ፤ የምለምነው አንዳች ነገር አልነበረኝም። ይሰጠኛል ብዬ የማስበው ነገር ስላልነበረ ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች አካፋ ይዘው የሰፈራችንን ቦይ ሊጠርጉ መጡ። ከዳገቱ ላይ ካለው የግል ትምህርት ቤት ናቸው። ያ ትምህርት ቤት በፈተና ውጤት በደብረ ማርቆስ ስሙ የታወቀ ነው። ጌታን የሚወዱ ሰዎች ያቋቋሙት መሆኑንና የሁሉም እምነት ልጆች እንደሚማሩበት ሰምቻለሁ። የሀብታም ልጆች ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። እነሱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ይስቃሉ!

አንዷ ውሃ ለምና በራችን ላይ ቆመች። ቃልኪዳን ትባላለች። ረድኤት በጣሳ አቀበለቻት።

«የት ነው የምትማሪው?» አለቻት ቃልኪዳን።

«አልማርም» አለች ረድኤት።

«ለምን?»

«እወድቃለሁ።»

«ታዲያ እኔስ? ዛሬ ጠዋት ብቻ ቦዩ ውስጥ ሁለቴ ወደቅሁ፤ እዪኝ እስቲ!» ብላ ቀሚሷን አሳየቻት።

ረድኤት ሣቀች። ልጄን ከውጭ ሰው ጋር ስትሥቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ «እንደዚያ አይደለም» ብላ በሽታዋን ነገረቻት። ቃልኪዳን ጣሳውን መለሰች፤ ግን አልሄደችም። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ብዙ አወሩ። ሰኞ ዕለት የሳይንስ መምህርታቸውን መምህርት ሰናይትን ይዛ መጣች። ሃሌ ሉያ! ጌታ ወደ እኔ ቤት በአካፋ ነው የመጣው።

መምህርቷ ወደ ትምህርት ቤታቸው ወስዳን ርእሰ መምህሩ ቢሮ ስንገባ የለመድሁትን መልስ እየጠበቅሁ ነበር። «ትወድቃለች» ብዬ ቁጭ አልሁ።

«እሺ» አሉ። «ስትወድቅ ምን እናድርግላት?»

ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። «ክብሪት ይጫርላታል» አልሁ።

መምህርት ሰናይት ፈገግ አለች። «እማማ፣ ክብሪቱስ ለምድጃ ይሁን። እኛ ሌላ ዘዴ እናሳይዎታለን» አለችኝ።

ርእሰ መምህሩም «እዚህ የልጅ ካርድ ላይ የትምህርት ውጤት ብቻ አይሞላም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለማን ምን እንደሠራም ይጻፋል። ረድኤት በሁለቱም ትበረታለች። ስለ ክፍያው አይጨነቁ፤ እንዲህ ላሉ ልጆች ቦታ አለን» አሉ።

ልጄን አስገባሁ፤ ግን ትቻት መሄድ አቃተኝ። ከጠዋት እስከ ማታ የግቢው በር ላይ እቀመጥ ነበር። ዘበኛው ጋሽ አያሌው ሰው ላይ መቀለድ ይወዳሉ።

«እትዬ፣ እርስዎም ተመዘገቡ እንዴ? ዩኒፎርም ያሰፉ እንጂ!» ይሉኛል።

«እርስዎ ስንተኛ ክፍል ደረሱ?» እላቸዋለሁ።

«እኔማ እዚሁ በር ላይ ደገምሁ፣ ደጋገምሁ፤ ማን ያሳልፈኝ!»

እንዲህ እየተጫወትን ሳለን አንድ ቀን ጠዋት፣ ልጆቹ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈው፣ ረድኤት ወደቀች። እኔ ከተቀመጥሁበት ገና እየተነሣሁ ነበር። ጋሽ አያሌው ግን ከኪሳቸው ክብሪት እያወጡ ሮጡ። ቃልኪዳን እጇን ዘርግታ አቆመቻቸው።

«ጋሼ፣ ክብሪቱን አይጫሩ! ጭሱ ያፍናታል!»

«ኧረ ልጄ፣ ትሞታለች!»

«አትሞትም፤ ተምረናል።»

በእርግጥም ተምረዋል። መምህርት ሰናይት ለክፍሉ ሁሉ አስቀድማ አሳይታቸው ነበር። አንዷ ሹራቧን አውልቃ ከረድኤት ራስ ሥር አደረገች፤ ሌሎቹ ቀስ ብለው በጎኗ አስተኟት። አፏ ውስጥ ምንም አልከተቱም፤ ጨምድደውም አልያዟት። መምህርቷ ሰዓቷን እያየች ቆመች። የቀሩት ልጆች ራቅ ብለው መቆም ሲገባቸው፣ እኔ እንደዚያ ነበር የማውቀው፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ልጄ ስትነቃ ከግድግዳ ሥር የቆመ ሰው አላየችም። ያየችው ከጎኗ የተቀመጡ ልጆችን ነው።

ጌታ ይባረክ! ግን ዋናው ነገር ገና ነው፤ ስሙኝ። ልጄ ስትወድቅ ሽንቷ አምልጧት ነበር። ቀሚሷ ርሷል፤ እሷም አይታዋለች። ቃልኪዳን ሹራቧን በረድኤት ወገብ ላይ አሰረችላትና ወደ እኔ አመጣቻት። ቤት ወሰድኋት። ያን ቀን ረድኤት አልበላችም። «እምዬ፣ ሁሉም አይተውኛል። አልመለስም» አለችኝ። እኔም በልቤ፣ እንግዲህ አበቃ አልሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ የተሰጣትን ቦርሳ ልመልስ ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። እሷ ግን ምን እንዳሰበች አላውቅም፣ የቃልኪዳንን ሹራብ አጥባ ይዛ ከኋላዬ መጣች። «ሹራቧን ሰጥቼ እመለሳለሁ» አለች። በሩ ላይ ስንደርስ ጋሽ አያሌው ራሳቸውን እያከኩ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው? እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?»

ወደ ውስጥ አየሁ። የረድኤት ክፍል ልጆች ተሰልፈዋል፤ ሴቱም ወንዱም ሹራቡን በወገቡ አስሯል። የጠዋቱን የማርቆስ ብርድ ታውቁታላችሁ፤ በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጡ፣ ሹራባቸው በወገባቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ወንድ ልጅ «ጋሼ፣ ዛሬ የሹራብ ቀን ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ሣቁ። ረድኤት ለጥቂት ጊዜ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ የያዘችውን ሹራብ በወገቧ አሰረችና ወደ ሰልፉ ገባች። ትናንት የወደቀችው ማን እንደሆነች በዚያ ሰልፍ ውስጥ መለየት አይቻልም ነበር።

እኔ ሰው ፊት አላለቅስም። ያን ቀን ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርሁ።

መምህርት ሰናይትን «ይህን ማን አዘዛቸው?» አልኋት።

«ማንም አላዘዛቸውም፣ እማማ። እኔም እንደ እርስዎ አሁን ነው ያየሁት» አለችኝ። ቀጥላም «እኛ የነገርናቸው ጌታ የሰውን ኀፍረት በራሱ ላይ እንደወሰደ ነው። እነሱ ደግሞ አደረጉት» አለች።

ስለ ስቅለቱ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ግን ቃሉ እኔን አገኘኝ። ቤት ገብቼ በሬን ዘጋሁና እንዲህ አልሁ፦ «ጌታ ሆይ፣ እነዚህ ልጆች የልጄን ኀፍረት ወገባቸው ላይ አሰሩት። አንተ የእኔን መሸከምህ ዛሬ ገባኝ። ከእንግዲህ የአንተ ነኝ። ደግሞም እለምንሃለሁ።» ከዚያ መለመን ጀመርሁ፤ ለብዙ ዓመት ያልለመንሁትን ሁሉ ለመንሁ። ሃሌ ሉያ! ስነሣ ቀሎኝ ነበር። ብዙም ሳልቆይ ወደዚህ ጉባኤ መጣሁ።

መምህርት ሰናይት ወደ ሆስፒታል ወሰደችን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረድኤትን ብዙ ጠየቃት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እማማ፣ ይህ እርግማን አይደለም። አንጎል ውስጥ እንደ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መድኃኒትም አለው። በየቀኑ ካልወሰደችው ግን አይሠራም» አለኝ።

ጌታ ይመስገን፣ መውደቁ እየራቀ ሄደ። በመጨረሻም ቆመ። በዚያ ሰሞን አንዲት እህት፣ ዛሬም እዚህ አለች፣ ስሟን አልጠራም፣ እሷም ትሥቃለች፣ «እማማ፣ በእምነት መድኃኒቱን ይጣሉት!» አለችኝ። መጋቢያችንን ጠየቅሁ። «እማማ፣ መድኃኒቱን የሰጠን ማን ይመስልዎታል? ትዋጥ፤ እኛም እንጸልያለን» አሉኝ። እስከ ዛሬ ትውጣለች። በዋጠች ቁጥር አመሰግናለሁ። ክብር ለእርሱ ይሁን!

ወንድሜ ዲማ በምትባለው አገር አጠገብ የሚያገለግል ቄስ ነው። መለወጤን ሰምቶ መጣ። «እትዬ፣ ምን ሰማሁ?» አለኝ። ብዙ ተነጋገርን፤ በሁሉም አልተስማማንም። በመካከል ረድኤት ከትምህርት ቤት ገባችና ካርዷን ሰጠችው። ከክፍሏ በሒሳብ የቀደማት አልነበረም። ካርዱን እያገላበጠ ቆየ። ከዚያ መስቀሉን አውጥቶ ባረካትና «ለዚህስ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። በዚህ ተስማማን። ዛሬም ይጠይቀናል።

ባለፈው የበጋ ወራት ደግሞ ልጆቹ የቅዳሜ አገልግሎታቸውን አምበር ገበያ ላይ አደረጉ። ስለሚጥል በሽታ ሊያስተምሩ ነው። እኔም አብሬ ሄድሁ። ገበያተኛው ዞር ብሎም አላያቸውም፤ በግ የሚሸጥ ሰው እንዲያውም «ሂዱ እናንተ፣ በጎቼን አታስደንብሩ!» አላቸው። ያኔ ረድኤት ድንጋይ ላይ ወጥታ «የሚጥል በሽታ የያዘኝ እኔ ነኝ!» አለች። ሰዉ ዞረ። ያቺ ስሙ በቤታችን የማይጠራው በሽታ የያዛት ልጅ፣ በገበያ መካከል በስሙ ጠራችው። ሲወድቅ ያገኛችሁትን ሰው እንዲህ አድርጉለት ብላ በቃልኪዳን ላይ አሳየቻቸው። ቃልኪዳን መሬት ላይ ተጋድማ ሣቋ ይመጣባታል፤ ሕዝቡም አብሮ ይሥቃል። ባለበጉ ሳይቀር ቀርቦ «በጎኑ ነው ያልሽው? በቀኙ ነው በግራው?» ብሎ ጠየቀ።

ሲበተን አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ረድኤት ቀረበች። «እኔም ልጅ አለችኝ። ቤት ናት» አለች በዝግታ። ረድኤት «እማማ፣ የት ነው ቤታችሁ?» ብላ እጇን ያዘቻት። አብረው ሄዱ። ያቺ ልጅ ዛሬ መድኃኒት ጀምራለች። ስሙ ይባረክ!

ወገኖቼ፣ ላብቃ። ከመግቢያው ጀምሮ ረድኤትን በዓይናችሁ ስትፈልጉ አይቻችኋለሁ። አትፈልጓት፤ እዚህ የለችም። ለክረምት በጎ ፈቃድ ከጓደኞቿ ጋር ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ ናት። ጠዋት የገበሬ ልጆችን ሒሳብ ታስተምራለች፤ ከሰዓት ጮቄ ተራራ ግርጌ ችግኝ ትተክላለች። ከቤት ውጭ አድራ የማታውቅ ልጅ «እምዬ፣ ልሂድ?» ስትለኝ አፌ እንቢ ሊል ነበር። «ሂጂ» አልሁ። ትናንት ደውላ «ደክሞኛል፣ እጄ በአፈር ተላልጧል፣ ደስ ብሎኛል፤ ስልኩን ልዝጋ፣ እየጠሩኝ ነው» አለችኝ። እየጠሯት ነው!

እኔ ስሞት ማን ይነካታል ብዬ የምፈራ ሴት ነበርሁ። ዛሬ ቤቴ ጸጥ ብሏል፤ እኔም እተኛለሁ። እዚህ መካከል በቤቱ የሸሸገው ሰው ያለው፣ ለመለመንም የደከመ ሰው ካለ፣ ጌታን ይመነው። ከስብሰባው በኋላ ወደ እኔ ይምጣ፤ አብረን እንጸልያለን። ሐኪም ቤትም ቢሆን አብሬ እሄዳለሁ፤ ጊዜ አለኝ። አሜን።