ዝም የሚባለው ፌስታል

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የዓመቱ የግብር ሪፖርት ማስገቢያ ሲደርስ የምግብ ጠረጴዛዬ የእኔ መሆኑ ይቀራል፤ ደረሰኙ፣ የባንኩ ወረቀት፣ የኪራይ ውሉ፣ የመብራትና የውሃው ሒሳብ ይሰፍርበትና እኔና ልጆቼ ሳምንቱን ሙሉ ሰሃን ጉልበታችን ላይ አድርገን እንበላለን። ዘንድሮም አንድ የጠፋ ውል ፍለጋ ቁም ሳጥን ስበረብር ከሟች አባቴ ዕቃ መካከል የተቋጠረ ፌስታል አገኘሁ። ቋጠሮውን ስፈታው ያረጀ ወረቀትና የናፍታሌን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ እዚያው ቆሜ የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ፣ ሐደራ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አባ ታከለ ፊት። እስከ ዛሬ በአንቱታ ነው የማነሣቸው። አፌ ስለለመደባቸው ነው እንጂ ልቤስ ከተዋቸው ቆይቷል።

እኛ በፈረንጆቹ 1991 በአውሮፕላን ከመጡት ነን። አባ ታከለ ግን በሱዳን በኩል ከዓመታት በፊት የገቡ፣ የሕንፃችን ቫቲክ፣ ማለትም ነባር ነበሩ። ሥራቸው የከተማውን አበባና ሣር መንከባከብ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ግን የቲማቲም ፌስታል አንጠልጥለው፣ የዕብራይስጥ ጋዜጣ በብብታቸው ይዘው፣ በሸሚዛቸው ኪስ ሁለት እስክሪብቶ ሰክተው ከገበያ ሲመለሱ ላያቸው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ይመስላሉ። ስለዚህ ፖስታ የደረሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ይሄዳል። በተለይ ጥር ላይ አባቴ ለሚሠራበት ፋብሪካ የግብር ፎርሙን ሞልቶ መመለስ ስላለበት፣ የዓመቱ ወረቀት ሁሉ ምንጣፍ ላይ ይዘረገፍና አባ ታከለ በሦስት ፌስታል ይለዩታል፤ የሚከፈል፣ የሚቀመጥ፣ ዝም የሚባል። ጎረቤቶቻችንም የየራሳቸውን ወረቀት ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ።

ንባባቸውን ሰምቶ የሚጠግብ አልነበረም። የአባቴን ፖስታ ከፍተው ጉሮሯቸውን ይጠራርጉና «ለተከበሩ አቶ ባዬ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብለው ጀምረው፣ ቀስ ብለው የመብራቱ ክፍያ ላይ ይደርሳሉ። እናቴ በዚህ ልቧ ይነካ ነበር። «አቤት የዚህ አገር ሰው ጨዋነት! መብራቱን ሰጥቶ ጤናም ይጠይቃል» ትላለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ከትምህርት ቤቴ ደብዳቤ መጣ። ማኅተሙን አውቀዋለሁ፤ «ቲዩል» የሚለውንም፣ የክፍላችንን ጉዞ፣ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ጽፋልን ነበርና ከሩቁ ለየሁት። አባ ታከለ ግን ከማዘጋጃ ቤት ነው፣ ማክሰኞ ውሃ ይጠፋል ብለው አነበቡት፤ ልጅ ትልቅ ሰው አያርምምና አልተናገርኩም። እናቴ ባልዲውን፣ ድስቱን፣ ገንዳውን፣ የአበባ ማስቀመጫውን ሳይቀር ሞላች። ማክሰኞ ውሃው እንደ ወትሮው ሲወርድ ዋለ፤ የወላጅ ፊርማ ያልያዝኩት እኔ ብቻ ከጉዞው ቀረሁ። በማግስቱ ከሕንፃው በታች አበባ ሲያጠጡ አግኝቻቸው እውነቱን ነገርኳቸው። አልካዱም። የጎማውን ውሃ ዘግተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ ቋንቋ ልማር ኡልፓን ገብቼ አሌፍ ቤቱን፣ ፊደሉን፣ ጀምሬው ነበር፤ አቮዳ፣ ሥራው፣ መጣና ተውኩት። ከዚያ ሰው ሁሉ አንቱ ያውቃሉ አለኝ። አላውቅም የማለቱ ቀን አለፈኝ» አሉ። ከፖስታው ላይ ባለው ሥዕል ነበር የሚለዩት። እኔ ላስተምራቸው፣ እሳቸውም ምስጢሩ እንዳይወጣባቸው ተስማማን። «ከዛሬ ወዲያ አንቺ ሳታዪው አንድ ሚኽታቭ፣ አንድ ደብዳቤ፣ ፌስታል አይገባም፤ ቃሌ ነው» ብለው እንደ ትልቅ ሰው እጄን ጨበጡኝ።

ያ ዓመት የልጅነቴ ምርጡ ዓመት ነው፣ ብጠላውም እውነቱ ይኸው ነው። ሰንበት ከሰዓት ወንዙ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር እንቀመጣለን፤ በሰንበት ስለማይጻፍ ትምህርቱ ሁሉ በጋዜጣው ላይ በጣት ነበር። ዛፉ አገር ቤት የሚያውቁት ባሕር ዛፍ ስለሆነ ቅጠሉን በመዳፋቸው እያሹ ያሸታሉ፣ እኔ ወደ ጋዜጣው ይመለሱ ብዬ እቆጣለሁ፣ እሳቸው ይስቃሉ። ያን የሚያህል ሰው ከእኔ ሲማር አይቼ አላውቅምና ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ትምህርቱ ግን አልሄደላቸውም።

በቀጣዩ ጥር ሳሎናችን እንደ ልማዱ ሰው ሞላው። ታላቅ እኅቴ የሺ ከባሏና ከሕፃን ልጇ ጋር ጎንደር ቀርታ ነበር፤ የባሏ አያቶች ከአይሁድነት ወጥተው ክርስትና የተነሡ በመሆናቸው የመግቢያ ፈቃዱ ዘግይቶ፣ አባቴ አመልክቶላቸው መልስ እንጠባበቃለን። አባ ታከለ አንድ ሥዕል የሌለው ፖስታ ከፈቱ። እጄን ዘረጋሁ። ዙሪያውን ወንዶቹ ተቀምጠዋል፣ አንድ ከኔታንያ የመጣ እንግዳም ነበር። እጄን አዩት፣ ሰዎቹን አዩ፣ ከዚያ «ማመልከቻችሁ ደርሶናል፣ ታገሡ ነው የሚሉ፣ ሃኮል በሴደር፣ ሁሉም ደህና ነው» አሉና ዝም ወደሚባለው ፌስታል ወረወሩት። ማታ ከፌስታሉ አውጥቼ ላየው እችል ነበር። አኩርፌ ተውኩት፤ ይህን ከራሴ ላይ አላነሣም።

የየሺ ደብዳቤ ከወራት በኋላ፣ በመንገደኛ እጅ ደረሰን። በአማርኛ ስለነበር አባ ታከለና ጎረቤቱ በተሰበሰቡበት አባቴ ራሱ አነበበው። «አባባ፣ ምን በደልኩህ? ጠሪያችሁ አልቀረበም ብለው ፋይላችንን ዘጉት» ይላል። አባቴ ፌስታሎቹን ምንጣፍ ላይ ገለበጣቸው፣ እኔ ያንን ፖስታ አውጥቼ በጎረቤት ሁሉ ፊት አነበብኩት፤ አባቴ በየካቲት ወረቀቶቹን ይዞ እንዲቀርብ የተጠራበት ነበር። አባቴ ወደ አባ ታከለ ዞሮ፣ «ይህን አንቱ ነበሩ ያነበቡልኝ?» አላቸው።

እሳቸው ጋዜጣቸውን አጣጠፉት። «እኔ ለልጅቷ ሰጥቻት ነበር፣ እስቲ በደንብ እዪው ብዬ። ጨዋታ ይዟት ይሆናል። ልጅ ነች ባዬ፣ አትቆጣት።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላል ያገሬ ሰው። ውሸቱን ምናልባት እረሳው ነበር፤ ያ «አትቆጣት» ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አፌን ስከፍት እናቴ በዓይኗ ዘጋችኝ፤ ሽበታም ሰው በሰው ፊት ዋሽተሃል አይባልም። አባቴም እንደተባለው አልተቆጣኝም። ወረቀቱን መልሶ ፌስታሉን ቋጠረው፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ አንብቢልኝ ሳይለኝ አረጀ። አባ ታከለ ልጃቸው ጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው እዚያው ሞቱ፤ እስኪሄዱ ድረስ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ዓይኔን ከማየት ግድግዳውን ያዩ ነበር።

የሺ የመጣችው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ባሏን ጎንደር ቀብራ፣ በትከሻዋ ልክ የደረሰ ልጅ ይዛ። አሁን ከእኔ ሁለት ሕንፃ አልፋ ነው ያለችው። እኔ እንጀራዬ የሰው ወረቀት ማስተካከል ሆኗል፤ የሠፈሩ ሰው ግብሩንም፣ ቅጣቱንም፣ ጡረታውንም ይዞ እኔው ጋ ይመጣል። አንድ ጊዜ እንደ ምንም ደፍሬ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኳት። ሻሿን እያስተካከለች ሰማችኝና፣ «ተይ እንጂ እኅቴ፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ» አለችኝ።

ደግ ናት፣ ልጆቼን ትወዳለች፣ ታምሜ ብተኛ ከአጠገቤ አትጠፋም። ግብር ሲደርስ ግን ወረቀቷን በቦርሳዋ ይዛ በማለዳ ወደ ሐደራ ምዕራብ ጣቢያ ትወርድና በባቡር ሃይፋ ትሄዳለች፣ ለማታውቀው ሰው ከፍላ ልታሠራ።