የአባቴን እርም በቁሙ አወጣሁ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሐሜቱን፣ ጾም መግደፉን፣ ከጎረቤት መኳረፉን ሳይቀር ዘርግፌ ስነሳ፣ ይቺን አንዷን ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደያዝኳት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። አሁን አርጅቻለሁ፤ የምፈራው ሰው አልቀረም። እናንተ የምታነቡኝ ስሙኝ። ፊታችሁን ስለማላይ ለእናንተ መንገሩ ይቀለኛል። አባቴን ገድያለሁ። በጩቤ አይደለም፣ በመርዝም አይደለም። በአፌ ነው የገደልኩት። ገድዬ ሳበቃም ተቀምጬ አለቀስኩለት።

የተወለድኩት ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ነው። አባቴ ኡመር ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሲሰፋ ይውላል። ኦሮሞ ነው፤ ግን እንደ ማንኛውም የድሬ ሰው ሶማሊኛውንም አደርኛውንም አማርኛውንም እየቀላቀለ ነው የሚያወራው። ዘይነባ ብሎ ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። እናቴ ስትሞት ገና ልጅ ነበርኩ። ሴት ልጅ ብቻውን ማሳደግ ጨነቀው። ከወንዙ ወዲህ ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ፣ መውለድ ያልሆነላቸው እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ልብስ ሊያሰፉ ይመጡ ነበርና፣ «ለእኔ ስጠኝ፣ ላስተምርልህ» ቢሉት ሰጣቸው። እሳቸውም ክርስትና አስነሱኝ፤ ዘነበች ተባልኩ። አባቴ ይህን የሰማ ዕለት አጠገቡ ቆሜ ነበር። «ትማር እንጂ» ብሎ ወደ መኪናው ዞረ።

ከዚራ ሌላ አገር ነበር። ጥላው፣ ጸጥታው፣ ባለ ሰፊ በረንዳው የባቡር ሰዎች ቤት! እኔ የመጋላ ልጅ ጮክ ብዬ ነው የማወራው፤ እዚያ ሴት ልጅ ጮክ አትልም። ምላሴን ገራሁት። አረማመዴን ለወጥኩ። ሰው «የማን ልጅ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ እትዬ ብርቄ «የሩቅ ዘመዴ ልጅ ናት፣ ከመንዝ ነው ያመጣኋት» ይላሉ። ውሸቱን የጀመሩት እሳቸው ናቸው ብዬ እንዳመልጥ አትጠብቁ። እሳቸው አጥንቱን ነው የሰጡኝ፤ ሥጋውን ያለበስኩት እኔ ነኝ። ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አባቴ ቁመተ ረጅም ነው አልኳቸው። ባለ ፈረስ ነው አልኩ። ጠላትን የተኮሰበት ጠመንጃ እልፍኙ ውስጥ ተሰቅሏል አልኩ። ደግሞ የሚገርማችሁ፣ ያንን የሌለ ሰው ወደድኩት። ማታ ስተኛ ናፈቀኝ። ወይ ጉድ! የሌለ ሰው ይናፍቃል?

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ገበያ ነው የምሄደው እያልኩ ደቻቱን አቋርጬ እውነተኛው አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ። የወንዙን አሸዋ ስረግጥ ዘነበች ናት የምትረግጠው፤ ማዶ ስወጣ ዘይነባ። ሐልዋ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝቶ በወረቀት ጠቅልሎ ይጠብቀኛል። ጨርቅ ክምር ላይ አስቀምጦኝ ሲያየኝ ይውላል። ስለ ከዚራ አይጠይቀኝም። እኔም አልነግረውም። ሳገባ እንኳ አልነገርኩትም፤ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሄጄ «አግብቻለሁ» አልኩት። «ረቢ ይባርክሽ» አለኝ። ለምን አልጠራሽኝም አላለም። ቢለኝ ኖሮ ምናለበት! ቢሰድበኝ፣ አንዴ በጥፊ ቢለኝ፣ ይኸኔ ሰው ሆኜ ነበር።

ባሌ አየለ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግን ዘርና ትውልድ የሚያስጨንቀው ደግ ሰው። እናቱ ወይዘሮ የሺማ ሰው ገና ከመቀመጡ እስከ ቅድመ አያቱ ሳይጠይቁ ውኃ አያቀርቡም። ወንድ ልጅ ወለድኩ። በዚያው ሰሞን እትዬ ብርቄ አረፉ፤ ውሸቴን የሚያውቅልኝ ሰው አለቀ። ልጄ መራመድ ሲጀምር ባሌ ፈቃድ አወጣና «መንዝ እንሂድ፣ ልጁን ለአያቱ እናሳይ» አለኝ። አማቴ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመሩ። ለአባቴ ጋቢ ገዙለት! ያ ጋቢ ሳጥኑ ላይ ተጣጥፎ ሳየው ፊቴን አዞራለሁ። ብናገር የት እገባለሁ? ባሌ «አታለለችኝ» ብሎ ቢያባርረኝ፣ ልጄን ቢነጥቁኝስ? እንቅልፍ አጣሁ። መናገር እችል ነበር፤ አየለ ሊቆጣ ይችላል፣ ሊበርድለትም ይችላል። እኔ ግን ያለ ዘነበች ማን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ዘይነባን በሳምንት አንዴ የምለብሳት ልብስ አድርጌያት፣ እሷን ይዤ እንዴት ባሌ ፊት ልቁም?

አንድ ቀን ባሌ ከሥራ ሲመጣ፣ ከባቡር የወረደ ያገሬ ሰው አግኝቼ ነበር አልኩት። አባቴ ከሞተ ወራት አልፈውታል አሉ፣ ተቀብሯል፣ አርባውም ወጥቷል አልኩ። አለቀ። እንዲህ ብዬ ገደልኩት። ተገላገልኩ መስሎኝ እኮ ነው! ባሌ ያዝንልኛል፣ ጋቢው ይመለሳል፣ መንገዱ ይቀራል፤ በቃ።

ሞኝነቴ! በእኛ ሰው ዘንድ ሞት እንደ ወሬ ተሰምቶ እንደማይታለፍ እንዴት ረሳሁት? አማቴ ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ። «አባቷን ሳትቀብር፣ ሳታለቅስ፣ እንዲሁ ልትቀር ነው? እርሟን ታውጣ እንጂ!» አሉ። «ኧረ ይቅር እማዬ፣ ቆይቷል» ብል ማን ሊሰማኝ። ሐዘኑን ዋጥ አድርጋ ልትታመምብን ነው ተባለ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ግቢው በሰው ተሞላ። ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ መጣ፣ የዕድሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። አስለቃሿም መጣችና ጆሮዬ ስር ተቀምጣ «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አለችኝ። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ! ነገርኳት። ቁመቱን፣ ፈረሱን፣ ጠመንጃውን፤ የፈረስ ስም እንኳ አውጥቼ ሰጠኋት።

የምለብሰው ጥቁር ቀሚስ አልነበረኝም። ጎረቤቴ እታገኝ የምትባል ቀልጣፋ ሴት፣ «የከዚራ ሰፊዎች እንዲህ በአንድ ቀን አያደርሱም፣ መጋላ ቶሎ የሚያደርስ ሽማግሌ አለ አሉ» ብላ ጥቁር ጨርቅ ይዛ ሄደች። የትኛው ሽማግሌ ብዬ ለመጠየቅ ቀና ስል ወጥታለች። ስትመለስ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። «ልክሽን ረስቼ ሄጄ፣ ለማን ነው አለኝ፤ ለዘነበች፣ ለጸሐፊው ለአቶ አየለ ሚስት፣ አባቷ ሞቶባት አልኩት። እንግዲያው ልክ አያስፈልግም አለኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው እባክሽ?»

ልኬን ሳይለካ የሚያውቅ ሰፊ ድሬ ላይ አንድ ብቻ ነው።

በነጋታው ራሱ ይዞት መጣ። ሴቶቹ ከተቀመጡበት ክፍል ደጃፍ ላይ ጫማውን አውልቆ፣ የተጠቀለለውን ቀሚስ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። እታገኝ «ሰፊው ነው፤ ለቅሶም ልድረስ ብሎ ነው» አለች። አማቴ «ይግቡ አባባ፣ ይቀመጡ» አሉ፤ ድሬ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም ለቅሶ ይደራረሳልና ማንም አልገረመውም። ተቀመጠ። አስለቃሿ አላቋረጠችም። ያንን ረጅሙን፣ ባለ ፈረሱን የመንዝ ሰው እያነሳች ስትጥል አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። እስከ መጨረሻው ሰማ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ስለ እሱ አንድ ቃል የለም። መርፌ የወጋጋው ጣቱ የለም፣ ሐልዋው የለም፣ ልጁን ለሰው ሰጥቶ «ትማር እንጂ» ማለቱ የለም። የገዛ ለቅሶው ላይ ተቀምጦ የሌላ ሰው ውዳሴ ሰማ።

ከዚያ ተነሳና ፊቴ ቆመ። ቀና ብዬ አየሁት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። አባ ብል በቃ። አማቴ እዚያ አሉ፣ እታገኝ አለች፣ ልጄ አማቴ እቅፍ ውስጥ ነው፤ አባቴ የልጅ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ እያየ ነው።

«ረቢ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ» አለኝ። «አባትሽን አላህ ይርሐመው።»

እኔም ሐዘንተኛ የሚለውን አልኩ። አንተ ብዬ ያደግኩትን ሰው፣ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ልጆችዎን ያኑርልዎ» አልኩት።

«ልጅ የለኝም» አለ።

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቀሚሱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ሄደ። አማቴ «ውይ! ወልዶ አልሳመም፣ ምስኪን» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ያኔ ጮህኩ። እስከዚያ ድረስ እንባዬ አስመሳይ ነበር፤ አሁን ግን ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጩኸት ወጣኝ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ሴቶቹ ያዙኝ። «እሰይ፣ እሰይ፣ አሁን እርሟ ወጣላት» ተባባሉ። ቀሚሱን ሲያለብሱኝ ልክክ አለብኝ።

ልጅ የለኝም ያለው ሊሸፍነኝ ነው ወይስ ቆርጦኝ? ይህን ስንት ጊዜ አገላብጬዋለሁ! አንዳንድ ቀን፣ እንዳትጋለጥ ብሎ ነው እላለሁ፤ እፎይ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ እንዲህ ማሰብ የሚመቸኝ ስለሆነ ነው የማስበው እላለሁ። ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። ማዶ ነው እኮ! ዘነበችን ትቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እግሩ ላይ መውደቅ እችል ነበር። አልሄድኩም። አፈርኩ። ዓመት አለፈ፣ ማፈሬ ልማድ ሆነ፤ ልማዱም እኔን ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ነገር መሥራት ጀመርኩ።

ዓመታት አለፉ። አማቴም ባሌም በየተራ አረፉ፤ ልጄም አድጎ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደ። አንድ ጠዋት እታገኝ በአጥር ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ ስታወራኝ ቆይታ «ለመሆኑ ያ ጥቁር ቀሚስሽን የሰፋው ሽማግሌ ሞተ አሉ» አለችኝ። «ነፍስ ይማር» አልኳት። ስለ ሽንኩርቱ ትንሽ አወራን።

እሷ ስትገባ ተነስቼ መጋላ ሄድኩ። በረንዳው ባዶ ነው፤ መኪናው የለም። የሱቁ ባለቤት አዲስ ነው፣ አያውቀኝም። ስለ ሽማግሌው ስጠይቀው ሚዛኑን ትቶ ወጣ። «አላህ ይርሐመው፣ ጥሩ ሰው ነበር። እኛው ጎረቤቶቹ ቀበርነው፣ ሰደቃም አወጣንለት። ብቻ አቦ፣ አንድ ዘመድ የለውም! ሰው ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል፣ ሰብሩን ይስጥህ የምንለው ሰው አጣን። አንቺስ ምኑ ነሽ?»

አያችሁ፣ የሚሰማኝ አልነበረም። ባሌ የለም፣ አማቴ የሉም፣ ልጄ ሩቅ ነው። ሰውየው ሐዘንተኛ ፍለጋ ላይ ነው፤ ቃሉን ከአፌ ሊቀበል እጁን ዘርግቶልኛል።

«ደንበኛው ነበርኩ» አልኩት። «እሺ» ብሎ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ለልጄ ስል ነው፣ ፈርቼ ነው ብዬ ልከራከር። ሁለተኛውንስ? ማንን ፈራሁ? ማንንም። እኔ ራሴ ነኝ የካድኩት፤ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በራሴ ምላስ። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እትዬ ብርቄ፣ ከዚራ፣ ዘመኑ እያልኩ የማሳብብበትም ነገር የለም። ልጄ እንኳ ዛሬም አያቱ መንዝ የተቀበሩ ይመስለዋል፤ ይህን ካነበበ ይወቀው።

አባቴ ኡመር መጋላ ሞቶ ለቅሶ የሚደረስለት ሰው ታጣ። ከእናንተ መካከል መድረስ የሚፈልግ ቢኖር፣ ሐዘንተኛዋ እኔ ነኝ። ልጁ ነኝ።